የኮሶ ልማድና የትል ኪኒን



በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የትል መድኃኒት ታሪክ ከሁሉ በፊት የኮሶ ታሪክ ነው። ጥሬ ሥጋ የግብዣ ክብር በሆነበት ኅብረተሰብ ውስጥ በበሬ ሥጋ የሚተላለፈው ትል ከጌታውም ከሎሌውም አንጀት የማይጠፋ ስለ ነበር፣ ኮሶ መጠጣት የታመመ ሰው ብቻ የሚያደርገው ነገር መሆኑ ቀርቶ፣ በየሁለት ወሩ ገደማ ቀን ተቆርጦለት ከሥራና ከእንግዳ ተከልሎ የሚፈጸም ወግ ሆኖ ኖሯል። የሴቴዋ የኮሶ ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፣ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ይዘጋጃል፣ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ከዚያም ሆዱ እየተቆረጠና እያስቀመጠው ትሉ እስኪወጣለት ድረስ ጠጪው ቀኑን በቤቱ ያሳልፋል።

ይህ የሁለት ወር ቀጠሮ በዘፈቀደ የተቆረጠ አልነበረም። ሳይንስ ቴኒያ ሳጊናታ ብሎ የሚጠራው የኮሶ ትል ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም፣ ነጭና ጠፍጣፋ፣ አካሉ በመቶዎች አልፎም ከ1000 በላይ በሚሆኑ አንጓዎች የተሠራ ሲሆን፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ በምትሆን ራሱ ላይ ባሉት አራት መምጠጫዎች የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይዞ ለዓመታት ይኖራል። አዲስ አንጓ የሚበቅለው ከዚችው ራስ አጠገብ ነው፤ በጭራው በኩል ያሉት የበሰሉ አንጓዎች ደግሞ እንቁላል ተሸክመው እየተበጠሱ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ፣ አንዳንዴም በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ወጥተው በልብስ ላይ ይገኛሉ። ኮሶ ረጅሙን አካል ቢያስወጣም ራሲቱን ብዙ ጊዜ አንጀት ላይ ትቷት ስለሚቀር፣ ትሉ እንደገና አድጎ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አንጓ መጣል ይጀምራል። አባቶችና እናቶች ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው ይህን ዑደት በገዛ ሰውነታቸው አስተውለው ቀን ቆርጠውለታል፤ ይህም ለማስተዋላቸው ትልቅ ምስክር ነው።

ኮሶ በውጭው ዓለምም የታወቀ መድኃኒት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ገልጾና ሥዕሉን አክሎ አስተዋውቆታል፤ ዛሬ የሚጠራበት ሃገኒያ አቢሲኒካ የሚለው የሳይንስ ስሙም በጀርመኖቹ ከተማ በኮኒግስበርግ ይኖር ለነበረው ለመድኃኒት ቀማሚው ለካርል ጎትፍሪድ ሃገን መታሰቢያ የተሰጠ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የደረቀው አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ነገር ግን የኮሶ ጉዳት ከጥቅሙ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። የአበባው ኃይል እንደ ዛፉ፣ እንደ አበባው ዕድሜና እንደ አቀማመጡ ስለሚለያይ በእፍኝ የተለካው መጠን አንድ ቀን አንሶ ሌላ ቀን በዝቶ ይገኛል፤ መጠኑ በበዛ ጊዜም ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ፣ ራስን መሳት፣ የዓይን ብርሃን መጎዳት፣ በነፍሰ ጡሮች ላይም ውርጃ ማስከተሉ ተመዝግቧል።

ዛሬ የኮሶን ቦታ ኪኒን ወስዶታል። የዚህ ዲስኩር ዋና ሐሳብ ግን ኪኒኑ ኮሶን ቢተካውም ከኮሶ ጋር የኖረው ልማድ ሳይለወጥ ወደ ኪኒኑ መተላለፉና አብዛኛው ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ መሆኑ ነው። ሰው ትሉን ሳያስመረምር «ሆዴን ላጽዳ» ብሎ በየጥቂት ወሩ ኪኒን ይገዛል፣ ያገኘውን ስም ይውጣል፣ መጠኑን ከጎረቤት ይጠይቃል፣ በባዶ ሆድ መሆን አለበት ብሎ ያስባል፣ ካላስቀመጠው ደግሞ አልሠራልኝም ብሎ ይደግመዋል። ከእነዚህ ልማዶች እያንዳንዱ ለኮሶ ምክንያት ነበረው፤ ለኪኒን ግን አንዱም እንደ ደንብ አይሠራም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ትሉን መለየት ነው። «የትል መድኃኒት» በሚለው አንድ ስም ሥር የሚሸጡት መድኃኒቶች አሠራራቸው የተለያየ ነው። አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል በትሉ ሕዋስ ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ማገሮች እንዳይገጣጠሙ በማድረግ ትሉ ስኳር መቀበል አቅቶት ቀስ በቀስ እንዲሞት ያደርጋሉ፤ ስለዚህም ለወስፋትና በባዶ እግር በኩል ገብቶ ደም ለሚመጥጠው ለመንጠቆ ትል ጥሩ ሲሆኑ፣ ጅራፍ ትል ለሚባለው ግን በአንድ ጊዜ መጠን ደካሞች ናቸው። ፕራዚኳንቴል የትሉ አካል ካልሲየም እንዲሞላው በማድረግ ጡንቻውን አኮማትሮ ያደርቀዋል፤ የኮሶ ትልንና ብልሃርዚያን የሚያጠፋው ይህ ነው፣ ወስፋትን ግን አይነካውም። ኒክሎሳማይድ ደግሞ ወደ ደም እምብዛም ሳይገባ በአንጀት ውስጥ ያለውን የኮሶ ትል የኃይል ምንጭ የሚያቋርጥ ሲሆን፣ በደንብ ታኝኮ የሚዋጥ ነው። አይቨርሜክቲን የትሉን ነርቭና ጡንቻ ሽባ ያደርጋል፤ የኮሶ ትል ላይ ግን ኃይል የለውም። እንግዲህ የኮሶ ትል ያለበት ሰው አንዲት የአልቤንዳዞል ኪኒን ውጦ ትሉ ቢቀርበት መድኃኒቱ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን የተሳሳተ ትል ላይ ተልኮ ነው፤ መጠኑን በመደራረብም ስሕተቱ አይታረምም።

ኮሶን ከኪኒን የሚለየው ሌላው ትልቅ ነገር፣ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ራሲቱንም ጭምር የሚያጠፉ መሆናቸው ነው። በክብደቱ ልክ አንድ ጊዜ ፕራዚኳንቴል የወሰደ ሰው በአብዛኛው ይድናል፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጨመር አያስፈልገውም፤ ትሉም አንዳንዴ ተበጣጥሶና ተፈጭቶ ስለሚወጣ ሙሉ አካሉ አለመታየቱ መድኃኒቱ እንዳልሠራ አያሳይም። ድኅነቱ የሚረጋገጠው ከአንድ ወርና ከሦስት ወር በኋላ በሚደረግ የሰገራ ምርመራ ነው። ከዚያ በኋላ ትል የተገኘበት ሰው ብዙውን ጊዜ ከአዲስ ሥጋ አዲስ ትል ያገኘ ነው፤ ለዚህ ደግሞ መፍትሔው ሥጋውን እስከ ውስጡ ማብሰል፣ ጥሬውን መተው ያልቻለም ቢያንስ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ 10 ቀን የቆየና በእንስሳት ሐኪም የተመረመረ ሥጋ መብላት ነው። ኮሶንና ኪኒንን በአንድ ቀን ማጣመር ግን፣ ትሉ ሁለት ጊዜ ስለማይሞት፣ ጥቅም የሌለው ጉዳት ብቻ ነው።

የባዶ ሆድ ጉዳይ ከልማዶቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ሳይሆን አይቀርም። ፕራዚኳንቴል የሚወሰደው ከምግብ ጋር፣ ሳይታኘክ፣ በበቂ ውኃ ነው፤ ምሬቱ ብርቱ ስለሆነ በአፍ ውስጥ ከቆየ ያስታውካል፣ በባዶ ሆድ ሲሆንም ማቅለሽለሹና የሆድ ቁርጠቱ ይጨምራል፤ የራስ ማዞር ሊያስከትል ስለሚችልም በወሰዱበት ቀንና በማግስቱ መኪና አለመንዳት ይገባል። አልቤንዳዞል ግን በሁለት መንገድ የሚታይ ነው። በአንጀት ውስጥ ላለ ትል ሲወሰድ ሥራው እዚያው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ምግቡ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ከውሻ የሚመጣው ትል እጭ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ሲሠራ ግን መድኃኒቱ በደም በኩል ወደ እባጩ መድረስ ስላለበት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል፣ ቅባቱም በደም ውስጥ የሚገኘውን መጠን እስከ 5 እጥፍ ከፍ ያደርገዋል። አይቨርሜክቲንም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን 2 ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚጨምር፣ የአምራቹ መመሪያ በባዶ ሆድ በውኃ እንዲወሰድ ያዛል። በጾም ወራት «ቅባት» ሲባል ቅቤና ሥጋ ብቻ መስሎት ሕክምናውን የሚያቋርጥ ሰው መኖሩ ያሳዝናል፤ የኑግና የሰሊጥ ዘይት፣ ኦቾሎኒና አቮካዶም ቅባቶች ናቸውና የጾም ወጥ በዘይት የበላ ሰው የሚፈለገውን አሟልቷል። በረመዳን የሚጾምም ቢሆን ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰደውን ኪኒን ከኢፍጣር ጋር ቢያደርገው ከመድኃኒቱ ሥራ የሚጎድል ነገር የለም።

መጠንን በተመለከተ አይቨርሜክቲን ከሁሉ የሚያስተምር ታሪክ አለው። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ በኢቶ ከተማ በካዋና አካባቢ ከተወሰደ አፈር ውስጥ ያገኙት ረቂቅ ተሕዋስ የመድኃኒቱ መነሻ ሲሆን፣ በመርክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዊሊያም ካምቤል ጥገኛ ትሎችን የማጥፋት ኃይሉን አሳይተዋል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤልን ሽልማት ከቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ጋር ተካፍለዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1987 መድኃኒቱን በጥቁር ዝንብ ንክሻ ለሚተላለፈውና ዓይንን ለሚያሳውረው ኦንኮሰርካይሲስ በሚያስፈልገው መጠን፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ በነፃ ለመስጠት ቃል ገብቷል፤ በኢትዮጵያም በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ ሲታደል ቆይቷል። ሚዛን በሌለበት መንደር መጠኑ የሚታወቀው በመለኪያ ዘንግ ነው። የቆመው ሰው ቁመት ከ90 እስከ 119 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ባለ 3 ሚሊ ግራሟን አንድ ኪኒን፣ ከ120 እስከ 140 ሁለት፣ ከ141 እስከ 158 ሦስት፣ ከዚያ በላይ የሆነው አራት ይወስዳል፤ 90 የማይሞላው ሕፃን ግን ምንም አይሰጠውም። በእርግዝና ላይ ያለች ሴት፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት እናትና በጠና የታመመ ሰው አይወስዱም። ያለ ሚዛንና ያለ ሐኪም በአንዲት ቀለም በተቀባች ዘንግ የብዙ ሰው ደኅንነት መጠበቁ የሚያስደንቅ ነው፤ ዘንጓ እንድትሠራ ግን አዳዩ በትክክል ማቆምና ማንበብ አለበት፣ ተቀባይዋም «ለባሌም ጨምርልኝ» ማለት የለባትም፤ ባሏ በዘንጓ አልተለካምና።

ይኸው መድኃኒት በመካከለኛው አፍሪካ ደኖች የገጠመው ነገር፣ የአንድ ኪኒን ደኅንነት በኪኒኑ ብቻ እንደማይወሰን ከማንኛውም ምሳሌ በላይ ያስረዳል። በካሜሩንና በአካባቢዋ አገሮች ሎአ ሎአ የሚባል፣ አንዳንዴ በዓይን ሽፋን ሥር ሲሄድ የሚታይ ትል አለ፤ እጮቹም በደም ውስጥ ይዘዋወራሉ። በ1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ30,000 የሚበልጡ እጮች ያሉት ሰው አይቨርሜክቲን ሲወስድ እጮቹ በአንድ ጊዜ ስለሚመቱ፣ ራሱን እስከ መሳትና እስከ ሞት የሚያደርስ የአንጎል መታወክ ሊያገኘው ይችላል። ጎረቤቱ ወስዶት ጤነኛ ሆኖ ያደረው ኪኒን ነው እርሱን የሚገድለው። በዚህም ምክንያት ካሜሩን ውስጥ ከሞባይል ስልክ ጋር በተገጠመች ማጉያ የጣት ደም ጠብታ እየታየ፣ የእጮቹ ቁጥር ከ20,000 በላይ የሆነባቸው ሰዎች መድኃኒቱ እንዳይሰጣቸው የተደረገበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሞክሮ ውጤት አስገኝቷል። በአሳማ ሥጋ በኩል ከሚመጣው ከቴኒያ ሶሊየም ጋር በተያያዘም ተመሳሳይ ነገር አለ። የዚህ ትል እንቁላል ወደ ሰው አፍ ከገባ እጩ በአንጎል ውስጥ ሊቋጠር ይችላል፤ በዚያ ሳሉ ፕራዚኳንቴል ወይም አልቤንዳዞል ሲወሰድ የሚሞቱት እጮች የሚያስነሱት ብግነት ሰውን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ቀድሞ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ብርቱ የራስ ምታት የሚመላለስበት ሰው የትል ኪኒን ከመዋጡ በፊት ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ለሐኪም መነገር ያለበት ሌላው ነገር በየቀኑ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ላይ ያለ ሰው የሚወስደው ሪፋምፒሲን ጉበት ፕራዚኳንቴልን በፍጥነት እንዲያፈርሰው ስለሚያደርግ ሁለቱ አብረው አይታዘዙም። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም የፕራዚኳንቴልንና የአልቤንዳዞልን ኃይል ይቀንሳሉ፤ ታማሚው መጠኑን በትክክል ወስዶ ሳለ ሳይድን ሊቀር ይችላል። አልቤንዳዞል ለእባጭ ሕክምና ለሳምንታት ሲወሰድ ደግሞ ጉበትንና ደም የሚሠራውን መቅኔ ሊጎዳ ስለሚችል በየሁለት ሳምንቱ ደም መመርመር ግድ ነው። አንድ ጊዜ የሚዋጥ መጠን ላይ ይህ ሥጋት እጅግ ትንሽ ነው፤ «ደጋግሜ ባጸዳው አይጎዳኝም» ለሚል ሰው ግን ልዩነቱ ግልጽ ሊሆንለት ይገባል።

በከተማ ከትሉ ይልቅ የሚዘወተረው «አሜባ አለብኝ» የሚለው ነው። አሜባና ጃርዲያ ትሎች አይደሉም፣ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋሲያን ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል ነው። በሰገራ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የሚታየው አሜባ በሽታ የሚያመጣው ዓይነት ይሁን ምንም የማያደርገው መንትያው ይሁን ብዙ ጊዜ በመልክ ብቻ መለየት ስለማይቻል፣ ከምልክት ጋር ያልተገናዘበ ውጤት ብዙ ሰው በየጊዜው ያለ አስፈላጊነት መድኃኒት እንዲወስድ ያደርገዋል። እነዚህን ኪኒኖች የሚወስድ ሰው ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄም ሆነ ቢራ እንዳይነካ፣ ጨርሶም 3 ቀን እንዲጠብቅ ይመከራል፤ አለዚያ ፊት መቅላት፣ የልብ ምት መፍጠንና ትውከት ሊያገኘው ይችላል። ሰው ሠራሽ የልብ ክዳን ተገጥሞለት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሜትሮኒዳዞል ከጨመረ ደሙ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል፤ ይህም ሳይታወቅ የሚመጣ የመድማት አደጋ ነው። በተደጋጋሚና ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ሰዎችም የእጅና የእግር መደንዘዝ ሊያጋጥማቸው ይችላል።

በእርግዝና ጊዜ ሕጉ ቀላል ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል አይወሰዱም፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ አልቤንዳዞል ፅንስ ላይ ጉዳት ማድረሱ ታይቷል። ከዚያ በኋላ የመንጠቆ ትል የሚያስከትለው ደም ማነስ ራሱ እናትንም ልጅንም ስለሚጎዳ፣ ባለሙያ አመዛዝኖ ሊሰጥ ይችላል። ወር አበባዋ የቀረባት ሴት መጀመሪያ እርግዝናዋን ታረጋግጥ።

የከብት መድኃኒትን ለሰው ማድረግ ደግሞ በገጠርም በውጭ አገርም የታየ ስሕተት ነው። ለሰው የሚሰጠው አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ለከብት ከሚዘጋጁት መካከል በአንዱ እንክብል ውስጥ 2500 ሚሊ ግራም የያዙ አሉ። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በአሜሪካ ለፈረስና ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን የወሰዱ ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸውን ተከትሎ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡን አስጠንቅቋል። መድኃኒቱ በልኩ ሲወሰድ ወደ ሰው አንጎል የማይዘልቀው የአንጎል መከለያ መልሶ ስለሚያስወጣው ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ግን መከለያው ስለማይችለው ሰውዬው ይንገዳገዳል፣ ግራ ይጋባል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ትል አለ፤ ስሙ ስትሮንጂሎይደስ ይባላል። በባዶ እግር በኩል ከአፈር ይገባል፤ ከሌሎች የአንጀት ትሎች የሚለየው ግን እዚያው ሰውነት ውስጥ እየተራባ ራሱን በራሱ ስለሚተካ፣ በልጅነት ገጠር የያዘው ሰው በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላም ተሸክሞት ሊገኝ መቻሉ ነው። ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም። ሰውዬው ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወይም እንደ ኮቪድ ላለ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የመሰለ ስቴሮይድ ሲታዘዝለት ግን መከላከያው ስለሚዳከም ትሉ ያለ ልክ ይራባል፣ ከአንጀት ወጥቶ ወደ ሳንባና ወደ ሌላ አካል ይሰራጫል፤ እዚህ ከደረሰ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ይሞታሉ። ቀድሞ ቢታወቅ ግን በደም ምርመራ የሚገኝና በአንድ ወይም በሁለት ቀን አይቨርሜክቲን የሚታከም ነው። የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪም ይህን ላያስበው ስለሚችል፣ የተወለዱበትንና ያደጉበትን አገር መንገር የታካሚው ድርሻ ይሆናል፤ እናትና አባታቸውን ይዘው ሐኪም ቤት የሚሄዱ ልጆችም ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ይህ ምርመራ እንዲደረግ ቢጠይቁ የወላጆቻቸውን ሕይወት ይጠብቃሉ።

የሕፃናት ጉዳይ በመጨረሻ የተነሣው ከሁሉ ስላነሰ አይደለም። በኢትዮጵያ ከኅዳር 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው የትል መድኃኒት የሚያገኙበት አገር አቀፍ መርሐ ግብር ሲካሄድ ቆይቷል፤ ከትምህርት ቤት ዕድሜ በታች ያሉ ሕፃናትም ከቫይታሚን ኤ ጋር ይሰጣቸዋል። ይህ ሥራ የብዙ ልጆችን ዕድገት የታደገ፣ በጥንቃቄ ሲሠራም ጉዳቱ እጅግ ጥቂት የሆነ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2007 በኢትዮጵያ በተካሄደ ዘመቻ ዕድሜያቸው 3 ዓመት ያልሞላ 4 ሕፃናት የአልቤንዳዞል ኪኒን አንቋቸው ሞተዋል። የገደላቸው የመድኃኒቱ መርዛማነት አይደለም፣ አሰጣጡ ነው። እዚህም ላይ አሮጌ ልማድ አለ፤ ሕፃንን አስተኝቶ፣ እጁንና እግሩን ይዞ፣ አፍንጫውን አፍኖ መጋት በብዙ ቤት የእናትነት ትጋት ተደርጎ ይታያል። የሚያለቅስ ሕፃን ግን በአፉ አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ምላሱ ላይ የተቀመጠ ኪኒን በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧው ሊገባ ይችላል። አፍንጫው ከታፈነማ ሌላ የመተንፈሻ መንገድ አልቀረለትም።

ትክክለኛው አሰጣጥ ምንም የተለየ መሣሪያ አይፈልግም። ኪኒኑ በሁለት ንጹሕ ማንኪያዎች መካከል ተፈጭቶ ይደቅቃል፣ ጥቂት ንጹሕ ውኃ ይጨመርበታል፣ ጓል እስኪጠፋ ይበጠበጣል፤ ልጁ በእናቱ ጭን ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ሕፃን የአልቤንዳዞል መጠኑ ግማሽ ኪኒን፣ ይኸውም 200 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ1 ዓመት በታች ላለው በዘመቻ አይሰጥም። ያለቀሰ ልጅ ዝም እስኪል ይጠበቃል፤ እምቢ ካለም ሌላ ቀን ይመለሳል፣ ለትል ሕክምና የአንድ ቀን መዘግየት የሚያመጣው ጉዳት የለምና። ትል የበዛበት ልጅ ከወሰደ በኋላ ሆዱን ሊቆርጠው፣ ወስፋትም በሰገራው ሊያይ ይችላል፤ ሆዱ ተነፍቶ ማስታወክ ካላቆመ፣ ሰውነቱ ሽፍታ ካወጣ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ስለዚህ በየቀበሌው የትል መድኃኒት የሚያድሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በጎ ፈቃደኞች ማንኪያና ንጹሕ ውኃ አብሯቸው ካልተጫነ የኪኒኑን ካርቶን አይክፈቱ፤ እናቶችም ልጃቸው ተይዞ ሲጋት ካዩ «ተዉት፣ ተፈጭቶ በውኃ ይሰጠው» ለማለት አይፈሩ።